ከ«ማን ጀመረው?» ባሻገር፦ ዳንኤል ያዕቆብ እና የቤንች ፊደሎች

በማኅበራዊ ሚዲያችን በየጊዜው የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ፊደልን መጀመሪያ ኮምፒዩተር ላይ ያስገባው ማን ነው? አንዱ ዶ/ር አበራ ሞላ ይላል። ሌላው ፍስሐ አጥላውን ይጠራል። ሦስተኛው ሁለቱንም ትቶ ወደ ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪና ይመለሳል። ክርክሩ ሲጋጋል ስድብ ይከተላል። በመጨረሻም ሰው ሁሉ ስድቡን የጻፈበትን ፊደል ስልኩ ውስጥ ማን እንዳስቀመጠለት ሳይጠይቅ ይበተናል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ክርክር ዳኛ መሆን አይፈልግም። ጥያቄው ራሱ ጠባብ ነው ብዬ አምናለሁ። «ማን ጀመረ?» ብለን ስንጨቃጨቅ «ማን ቆየ?» እና «ለማን ተሠራ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ተሸፍነዋል። ለምን እንዲህ እንደምል በአራት ምልክቶች ላሳይ፦

ⶠ ⶨ ⶰ ⶸ

ስልካችሁ እነዚህን በትክክል ካሳያችሁ ፊደሎች ናቸው። ባዶ ሳጥን ሆነው ከመጡ ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ፎንት አያውቃቸውም ማለት ነው። የዓለም ኮምፒዩተሮች የሚተዳደሩበት የፊደል መዝገብ፣ ዩኒኮድ፣ ግን እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2005 ጀምሮ ያውቃቸዋል። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው የቴክኖሎጂ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እያንዳንዳቸው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤት አላቸው፤ በድምሩ 28። በመዝገቡ ላይ የተሰየሙት ለቤንች ቋንቋ ነው። አጠገባቸው ለሜኒት፣ ለብሌንና ለሰባት ቤት ጉራጌ የተመደቡ አሉ።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ መንገዱን ልንገር። ከጅማ ቦንጋን አልፎ ሚዛን ተፈሪ ይደረሳል። ከሚዛን ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲታጠፉ ሸኮ ነው፤ ከሸኮ ወዲያ ቴፒ። ግራ ቀኙ ቡና ነው፤ የቤበቃና የቴፒ እርሻዎች የሚታወቁበት አገር። ዛሬ ሚዛንና ሸኮ በቤንች ሸኮ ዞን፣ ቴፒ በሸካ ዞን ውስጥ ናቸው። ሸኮ እና ሸካ! ከአዲስ አበባ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሁለቱን ሲያምታታ ማየት የተለመደ ነው። የሸካ ሰው ቋንቋ ከከፋ ቋንቋ ጋር ወንድማማች ነው፤ የሸኮ ሰው ቋንቋ ደግሞ ለዲዚ ይቀርባል። ሁለት ሕዝቦችን በጽሑፍ የሚለየው በካ እና በኮ መካከል ያለው አንድ ምልክት ብቻ ነው።

ቤንችና ሸኮ በአማርኛ የሌሉ ድምፆች አሏቸው። የምላስ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ታጥፎ የሚወጡ፣ ለእኛ ጆሮ ሁሉም «ስ» ወይም «ሽ» ወይም «ች» የሚመስሉ ድምፆች ናቸው። ለቋንቋው ባለቤት ግን አንዱ በሌላው ከተተካ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ከዚህ በላይ የድምፅ ከፍታ አለ። የቋንቋ አጥኚዎች ለቤንች አምስት የከፍታ ደረጃ ይቆጥራሉ፤ ይህን ያህል ደረጃ ያለው ቋንቋ በዓለም ጥቂት ነው። ለሸኮም አራት ተቆጥሯል። የሸኮን ሰዋስው በዝርዝር ያጠናችው አን ክሪስቲ ሄለንታል ሥራዋን በሆላንድ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበችው በ2010 ነው።

ታዲያ ይህን ድምፅ በፊደል እንዴት ይጽፉታል? የቤንችን አዲስ ኪዳን በፊደል ያዘጋጁት ሰዎች ሁለት መላ ዘየዱ። አንደኛው መላ በአማርኛ ሥራ ፈት የሆነውን ንጉሡ «ሠ» ለታጠፈው ድምፅ ማዋል ነበር። እሳቱ «ሰ» ለተለመደው፣ ንጉሡ ለልዩው። ሁለተኛው መላ ባለው ፊደል ላይ መቀጠል ነው፤ ለምሳሌ በ«ተ» ግራ በኩል ተጨማሪ ክንድ ማውጣት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አማርኛ ራሱ ከ«ሰ» ላይ «ሸ»ን፣ ከ«ተ» ላይ «ቸ»ን፣ ከ«ነ» ላይ «ኘ»ን ያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። የቤንች ፊደል ቀራጮች የአባቶቻችንን ሥራ ቀጠሉ እንጂ ከሕግ አልወጡም።

የብራና ዘመን ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ ብዕር የታዘዘውን ይጽፋል። ኮምፒዩተር ግን ቁጥር ያልተሰጠውን ፊደል አያውቅም። ለእሱ ፊደል ማለት ቁጥር ነው። ቁጥር የሌለው ፊደል አይጻፍም፣ አይላክም፣ አይፈለግም።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ሄጄ የኛን የኮምፒዩተር ታሪክ በአጭሩ ላስታውስ። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በየፊናቸው የፊደል ሶፍትዌር መሥራት ጀመሩ። ፍስሐ አጥላው ዳሸን ኢንጂነሪንግ በሚል ስም፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዶ/ር አበራ ሞላ ደግሞ ሞዴት በተባለው ፕሮግራማቸው። (ዶ/ር አበራን ጽዳት ካስተማረን ከሙዚቀኛው «ጋሽ አበራ ሞላ» ጋር የሚያምታታ ሰው እስከ ዛሬ አይጠፋም።) ዶ/ር አበራ ቆይተው በአሜሪካ ለፊደል አጻጻፍ ዘዴያቸው ፓተንት አግኝተዋል። ከዚያ አገር ቤትም ተከተለ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና የሚሉት ስሞች ለብዙ የመንግሥት ጸሐፊ ትዝታ ናቸው። ሁሉም ባለውለታ ናቸው፤ በዚህ አልከራከርም።

ችግሩ ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነው። ከዚያም ላይ የተወሰነው ለኮምፒዩተሩ የውስጥ ሥራ የተያዘ ነው። የኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ይመጣል፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ መንገድ አጣጥፎ አስገባው። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው ቅጥያዎችን ለብቻ አድርጎ ገጣጠመው። ሁሉም በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ስለተቀመጡ፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ፋይል የላከ ሁሉ ያውቀዋል። ፋይሉን ከነፎንቱ በፍሎፒ መላክ ግዴታ ነበር፤ ተቀባዩ ፎንቱን ካልጫነ ደብዳቤው አልደረሰውም። የዚያ ዘመን ፋይሎች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ አሉ። በአማርኛ ቢፈልጓቸው አይገኙም፤ ለኮምፒዩተሩ አማርኛ አይደሉምና።

ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ወደ ታሪኩ የሚገቡት በዚህ ዝብርቅርቅ መካከል ነው።

ሁለቱ ያደረጉት ነገር በመጀመሪያ ሲታይ ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል። አዲስ ፎንት አልሠሩም። ይልቅስ የትኛውም ኮምፒዩተር ያለ ምንም ፎንት ሊያስተላልፈው በሚችለው በተራ የላቲን ፊደል ግዕዝን በትክክል የመጻፍ ሕግ አወጡ። ስሙን ሴራ አሉት። (በጉራጌና በአንዳንድ የደቡብ ሕዝቦች ዘንድ ሴራ የባህል ሕግ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን ተንኮል። ስሙ የእንግሊዝኛው መጠሪያ አሕጽሮት ነው፤ ግጥምጥሞሹ ግን ደስ ይላል።) ሕጉ ቀላል ነው። ትንሹ የላቲን ቲ ለ«ት»፣ ትልቁ ቲ ለ«ጥ»። ትንሹ ኤስ ለ«ስ»፣ ትልቁ ለ«ጽ»። አናባቢ ካልተከተለ ፊደሉ ሳድስ ነው። ሞክሼ ፊደሎች እንኳ የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ስለዚህ ንጉሡ «ሠ» ወደ ላቲን ሄዶ ሲመለስ እሳቱ «ሰ» ሆኖ አይመለስም። ሄዶ ሳይጎድል መመለስ፣ የሕጉ ቁም ነገር ይህ ነበር። ከዚያ በፊት «ሰላም» ብሎ በላቲን የሚጽፍ ሁሉ እንደ ገዛ ጆሮው ይጽፍ ስለነበር ማሽን ወደ ፊደል ሊመልሰው አይችልም ነበር።

ይትና በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ቴክኖሎጂን ለማስተማር እንዲጠቀሙበት በማገዝ ሥራ ላይ የቆዩ ሰው ናቸው። የመምህርነቱ ጠባይ በሴራ ሰነድ ላይ ይታያል፤ ሕጉን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይነግራል። ዳንኤል ደግሞ ሕጉን ወደ ፕሮግራም ቀየሩት። በተለያዩ የሶፍትዌር ቤቶች ኮድ የተጻፈውን ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር ሊብኤት የተባለ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት አዘጋጁ። በፐርል ቋንቋም ለግዕዝ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን ጽፈው ለማንም በነፃ ለቀቁ።

የዚህ ነፃነት ፍሬ ባልታሰበ ቦታ ታየ። ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ኢማክስ ለተባለው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም የግዕዝን ድጋፍ ሲጽፍ መሠረት ያደረገው ሴራን ነው። ስለዚህ በ1990ዎቹ፣ ከዊንዶውስ አማርኛ ማወቅ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በጃፓን ቤተ ሙከራ የተጻፈ ፕሮግራም በግዕዝ ይጽፍ ነበር። ዛሬም ላፕቶፕ ላይ ሺፍት ይዛችሁ ቲን ስትነኩ «ጥ» የሚመጣላችሁ ከሆነ፣ የዚያ ልማድ ወራሾች ናችሁ።

በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። 345 ምልክቶች ገቡ። ለአማርኛ፣ ለግዕዝና ለትግርኛ በቂ ነበር። የኦሮምኛው «ዸ» እና ለአገውኛ የሚያገለግለው «ጘ» እንኳ ተካትተዋል። የፎንቶች ጦርነት አበቃ፤ ቢያንስ ማብቃት ጀመረ። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የጆን ሃድሰንና የጄራልዲን ዌድ ፎንት አስገባ፤ አፕል በ2009 በጀረሚ ሆርኑስ የተቀረጸውን ፎንት አስከተለ። የዚያ የአፕል ፎንት ስም «ከፋ» ነው። በየማክ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የደቡብ ምዕራብ ቡና አገር ስም እንዳለ ስንቶቻችን አስተውለናል?

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ፊደላችን ገባ፣ ጨዋታው ተጠናቀቀ። አንድ ባለሙያም እዚህ ላይ ሙያውን ቀይሮ ቢሄድ የሚወቅሰው የለም። የዳንኤል ያዕቆብ ሥራ ለእኔ ትልቅ የሚሆነው ግን ከዚህ በኋላ ባለው ነው።

345ቱ የማን ነበሩ? በፊደል ይጽፉ የነበሩ ቤንች፣ ሜኒት፣ ብሌን፣ ሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላቸው አልተሟላም። ከ1999 በፊት ለሁሉም እኩል ጨለማ ነበር። ከ1999 በኋላ ግን የባሰ ነገር መጣ፤ ትልቁ ቋንቋ ብርሃን ሲያገኝ ትንሹ እዚያው ቀረ። የአማርኛ ተናጋሪው በዓል አክባሪ ስሜት ውስጥ ሳለ፣ ለቤንች ልጅ የማስተማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው በእጁ የሚጨምረው ክንድ በማሽኑ ላይ የለም።

ዩኒኮድ ውስጥ ፊደል ማስገባት ማመልከቻ ነው፤ ከባድ ማመልከቻ። ፊደሉ በእርግጥ አገልግሎት ላይ መዋሉን በታተመ ጽሑፍ ናሙና ማሳየት፣ ማን እንደሚጠቀምበት ማስረዳት፣ ቅርጹን ቀርጾ ማቅረብ፣ ከዚያ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ኮሚቴ ፊት መከራከር። እንዲህ ያሉ ፊደሎች በአብዛኛው የሚገኙት በትንንሽ የንባብ ማስተማሪያዎችና በሃይማኖት መጻሕፍት ውስጥ ነው። ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አይሰበስባቸውም። በእነዚህ የማስፋፊያ ማመልከቻዎች ላይ ስማቸው ደጋግሞ ከሚገኘው ሰዎች ግንባር ቀደሙ ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው፤ ያቋቋሙትም ተቋም ስሙ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። በ2005 ዩኒኮድ 4.1 ሲወጣ 116 አዲስ የግዕዝ ምልክቶች ገቡ፤ የቤንቾቹ 28 ከእነሱ ናቸው። በ2010 ዩኒኮድ 6.0 ሌላ 34 ጨመረ፤ ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶ፣ ለጉሙዝ። በ2021 ዩኒኮድ 14 ለጉራጌ አጻጻፍ 28 አከለ። 345 የነበረው 523 ሆነ። ማለትም ዛሬ መዝገቡ ላይ ካሉት የግዕዝ ምልክቶች ከሦስት አንድ ያህሉ፣ 178ቱ፣ የገቡት «አለቀ» ከተባለ በኋላ ነው። «ማን ጀመረው?» የሚለው ክርክር ለእነዚህ 178 ቦታ የለውም።

ከ2005ቱ ጭማሪ ውስጥ አንዱ ለሁላችንም የሚሆን ነው፤ ግን የሚጠቀምበት አላየሁም። በፊደል አናት ላይ የሚቀመጥ የማጥበቂያ ምልክት፣ ሁለት ነጥብ። «አለ» ስንጽፍ ተናገረ ማለታችን ይሁን ይገኛል ማለታችን፣ «ገና» ስንል በዓሉ ይሁን ቆይታው፣ ጽሑፉ አይነግረንም፤ ከአገባቡ እንገምታለን። ፊደልን ትተው ወደ ላቲን የዞሩ ወገኖች ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች አንዱና ትክክለኛው ይህ ነው፤ ፊደል መጥበቅና መላላትን፣ የአናባቢ መርዘምን አያሳይም። የ2010ሩ ጭማሪ ደግሞ ለአናባቢ ርዝመትም ምልክት ሰጥቷል። መልሱ ከተሰጠ ዓመታት አልፈዋል። ጠያቂው ግን ሄዷል።

ወደ ቤንች ስንመለስ የሚያሳዝነው ነገር ይህ ነው። 28ቱ ፊደሎች መዝገብ ላይ የሰፈሩት በ2005 ነው። በ2008 ለቤንች ቋንቋ በላቲን ላይ የተመሠረተ አጻጻፍ ጸደቀ። ሦስት ዓመት ብቻ! ፊደሉ ቁጥር አግኝቶ፣ ከቁጥሩ ፎንት ተሠርቶለት፣ ከፎንቱ ኪቦርድ ተዘጋጅቶለት፣ ያ ሁሉ ሚዛን እስኪደርስ ድረስ ሕዝቡ በሌላ መንገድ መጻፍ ጀምሯል።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ቁልጭ አድርጌ ልናገር፤ ይህ ርዕስ ሲነሣ አንዳንድ ሰው ወዲያው ወደ ፖለቲካ ይገባልና። ቤንች በላቲን መጻፉ ስህተት ነው አልልም። በየትኛው ፊደል እንደሚጽፍ የመምረጥ መብቱ የባለቤቱ ነው፤ ኦሮምኛም በ1991 ቁቤን ሲመርጥ የራሱ ምክንያቶች ነበሩት። ላቲንም ቢሆን ለቤንች ሁሉን አልፈታም፤ አምስቱን የድምፅ ከፍታ በተለመደው አጻጻፍ ማን ያሳያል? የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። ምርጫ ነው የምንለው ሁለቱም አማራጮች ጠረጴዛ ላይ ሲኖሩ ነው። አንደኛው ፊደል በየትኛውም ኪቦርድ ላይ ሲገኝ፣ ሌላው በእጅ ካልተቀጠለ የማይጻፍ ከሆነ፣ መራጩ ማሽኑ ነው። በ1990ዎቹ በየስብሰባው «ፊደል ለኮምፒዩተር አይመችም» ሲባል አባባሉ ስለ ፊደል አልነበረም፤ ያልተሠራ ሥራን በፊደል ላይ ማሳበብ ነበር። የዳንኤል ያዕቆብና የባልደረቦቻቸው ዕድሜ ያለቀው ያንን ሰበብ በማንሣት ላይ ነው። ለቤንች ዘግይቶ ደርሷል። ይህን መካድ አይቻልም።

ዘግይቶም ቢሆን ከንቱ አይደለም። በፊደል ታትሞ የቀረው የቤንች ጽሑፍ አሁን ቅርጹ ሳይጎድል ወደ ኮምፒዩተር ሊገባ፣ ሊፈለግ፣ ሊጠና ይችላል። የ28ቱ ፊደሎች መኖር ለጎረቤቱም ነው። የታጠፉት ድምፆች ሸኮም ዘንድ አሉ። አንድ የሸኮ ወጣት የአያቱን ተረት በፊደል ልጻፍ ቢል ክንድ መቀጠል አይጠበቅበትም፤ ፊደሉ ቁጥር አለው።

ስለ ደራሲነታቸውም ጥቂት ልበል። ፕሮግራም ሠሪዎቻችን ብዙ ጊዜ ይሠራሉ እንጂ አይጽፉም፤ የሠሩት ሲያረጅ ዕውቀቱ አብሮ ይሞታል። የአጋፋሪን ወይም የብራናን የውስጥ አሠራር ዛሬ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ምን ያህል እንደሚቸገር የሞከረ ያውቀዋል። ዳንኤል ግን ጽፈዋል። በ2005 በዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፋቸው ፊደላችን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የት እንደደረሰ ይዘግባል። ሌላው በ2004 የጻፉት ነው፤ ጥቅል ሐሳቡ ማሽኑን ለራስህ ቋንቋና አገር ካላስማማህ ሌላው ሰው እንደመሰለው ያስማማልሃል የሚል ነው። ወራትህን፣ ቀናትህን፣ የገንዘብህን ምልክት ሌላ ሰው ይወስንልሃል።

ለእኔ ግን የሚጥመኝ ሦስተኛው ነው። እንግሊዞች በድምፅ የሚመሳሰሉ ግን አጻጻፋቸው የተለያየ ስሞችን ለማገናኘት የሚጠቀሙበት፣ ሎውረንስ ፊሊፕስ የሠራው ደብል ሜታፎን የሚባል ዘዴ አለ። ዳንኤል ይህን ለአማርኛ አስማምተው በ2004 አሳተሙ። ለምን አስፈለገ? «ፀሐይ»ን እንውሰድ። መነሻው ፀሐዩ «ፀ» ወይም ጸሎቱ «ጸ» ሊሆን ይችላል። መካከሉ ሐመሩ፣ ሃሌታው ወይም ብዙኃኑ፣ ያውም በግዕዝ ወይም በራብዕ። ሁለት በስድስት ሲባዛ 12 አጻጻፍ። ሁሉም ይነበባል፣ ሁሉም አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ላይ «ፀሐይ» የተባለች እናት «ጸሀይ» ተብላ ከተመዘገበች ካርዷ አይገኝም። መንግሥት ዲጂታል መታወቂያ ሲል፣ ባንክ የደንበኛ ስም ሲያመሳስል፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ሲፈልግ የሚገጥመው ይህ ነው። መፍትሔው በጽሑፍ ከተቀመጠ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስንቱ የመንግሥት ሲስተም ይጠቀምበታል? ለራሳችሁ ስማችሁን በሞክሼ ፊደል ቀይራችሁ ፈልጉና እዩት።

ሌላው ሥራቸው ከዓይን የተሰወረ ነው። ሊነክስ በሚባለው ነፃ ሥርዓት ላይ በሚሠራ ኮምፒዩተር ሁሉ፣ ማለትም በአብዛኛው የዓለም ሰርቨር ላይ፣ የየአገሩን ወራት፣ ቀናትና አጻጻፍ የያዙ ትንንሽ ፋይሎች አሉ። የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የግዕዝ፣ የኦሮምኛ፣ የአፋርኛ፣ የሲዳምኛ፣ የወላይትኛና የብሌን ፋይሎች ሲከፈቱ አዘጋጁ ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ተብሎ ይነበባል። ልብ በሉ፤ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አፋርኛ በላቲን የሚጻፉ ናቸው። ሰውየው ለፊደል ብቻ የሚሟገቱ ቢሆን ኖሮ እነዚህን ባልነኩ ነበር።

ቤንችና ሸኮ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ለቤንችና ለሜኒት በፋውንዴሽኑ የተዘጋጁ ነፃ የኪማን ኪቦርዶች አሉ፤ ማንም አውርዶ ይጭናቸዋል። የወራትና የቀናት ስም ሰብስቦ፣ አጻጻፉን አረጋግጦ ፋይሉን የሚልክ ሰው ግን እስካሁን አልመጣም። ይህ ደግሞ ከአሜሪካ ሆኖ የሚሠራ ሥራ አይደለም። የቤንችን ወይም የሸኮን ሳምንት ስም የሚያውቀው ሚዛን ወይም ሸኮ ገበያ ያለ ሰው ነው።

ሥራውን መሥራት የሚችል ሰው አገሩ ላይ አለ ወይ? አለ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ኮምፒዩቲንግ የሚሰጠው በቴፒ ግቢ ነው። ከግቢው በር ወጥቶ በአንድ የታክሲ ጉዞ ሸኮ ይደረሳል። በአገራችን የኮምፒዩተር ተመራቂ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ብዙውን ጊዜ የተማሪ መመዝገቢያ፣ የፋርማሲ አስተዳደር፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ ነው፤ ተሠርቶ፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የሸኮ ቋንቋ የቀን መቁጠሪያና የቦታ ስሞች ፋይል ከዚያ ሁሉ ያነሰ ኮድ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ሰው ማነጋገር ነው፤ ሽማግሌ ጋ መቀመጥ፣ «ይህ እንዴት ይባላል?» ብሎ መጠየቅ፣ ያልተስማሙበትን መመዝገብ። የኮምፒዩተር መምህሮቻችን ይህን እንደ ኮምፒዩተር ሥራ አይቆጥሩትም። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የቆጠሩት ግን ነው፤ ሴራም፣ 178ቱም ምልክቶች ከዚህ ዓይነት ሥራ ነው የወጡት።

የቋንቋና የማንነት ጉዳይ በደቡብ ምዕራብ ቀዝቃዛ ጉዳይ አይደለም። ክልሉ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ርዕሰ ከተማነቱን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ ማካፈሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው። ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይስፋፋ ሲባል የሚታሰበው መጽሐፍ ማተም ነው፤ ልጁ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ስልክ ላይ ያነባል፣ ስልክ ላይ ይጽፋል። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ሲጻፍ 160 ምልክት፣ በፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ ስለሚይዝ የቡና ዋጋ የሚጠይቀው ነጋዴ አማርኛውን በላቲን ይልካል። ይህም የማሽን ምርጫ ነው፤ ማንም ስብሰባ ተቀምጦ አልወሰነውም።

አሁን ወደ ላይ ተመልሳችሁ አራቱን ፊደሎች እዩአቸው። ሳጥን ሆነውባችሁ ከሆነ የጎደለው ፎንት ነው። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት ነፃ ፎንቶች ሁለቱም ይዘዋቸዋል።